ጥያቄና መልስ፦ ቫዮሊን ቤት ውስጥ ለሚለማመዱ ጀማሪዎች

እስከ ማታ አራት ሰዓት እዚሁ ነኝ፣ ጠይቁ። ስለ ዋጋ ግን አትጠይቁኝ፣ ነጋዴ አይደለሁም። ከሁሉ በፊት፦ ተጫውታችሁ ስትጨርሱ የቀስቱን ጭራ ማላላት እንዳትረሱ።

ከአዳማ፦ መምህር፣ ከጀመርኩ ሦስት ሳምንቴ ነው። ድምፁ ሲጥ ሲጥ ይላል። ጣቴን የት እያሳሳትኩ ይሆን?

መልስ፦ ጣትህን ተወው፣ ጥፋቱ ቀኝ እጅህ ነው። ጀማሪ ሁሉ ግራ እጁ ላይ አፍጥጦ ቀስቱን ይረሳል። ለሁለት ሳምንት ባዶ ክር ብቻ፣ ማለትም ጣት ሳታሳርፍ፣ ተጫወት፦ ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ። መስታወት ፊት ቁም። ቀስቱ ከብሪጁ (ክሮቹን ከፍ አድርጎ ከያዘው ቋሚ እንጨት) ጋር ትይዩ ይሂድ። በጣም ከተጠጋው ይፋጫል፣ ከራቀው ደግሞ ድምፁ ይሰልላል። እስከ ስምንት እየቆጠርክ ከእጀታው እስከ ጫፉ አንዴ ሳብ። ክርንህ ይታጠፍ ይዘርጋ፣ ትከሻህ ግን አይነሳ። አውራ ጣትህ ጎበጥ ይበል፤ ቀጥ ካለ እጅህ በሙሉ ይደርቃል። አትጫነው፣ የክንድህ ክብደት ይበቃዋል። ጭራውን በእጅህ አትንካ፣ ወዝ ከያዘው ክሩን መያዝ ያቅተዋል። ሮዚን (ጭራው ላይ የሚታሸውን ደረቅ ሙጫ) መቀባት እንዳትረሳ። ስትጨርስ ደግሞ አላላው።

ከአዲስ አበባ፦ ለጀማሪ የቱ ቫዮሊን ጥሩ ነው?

መልስ፦ ለማን? ለልጅ ነው ለትልቅ ሰው?

ከሐዋሳ፦ ለሰባት ዓመት ልጄ ነው የምፈልገው።

መልስ፦ እንዲህ ጠይቂኝ! ልጁን ይዘሽው ሂጂና ቫዮሊኑን ይያዘው። ግራ ክንዱን ሲዘረጋ መዳፉ የቫዮሊኑን ጭንቅላት ማቀፍ አለበት። ካልደረሰ ትንሹን ውሰጂ። «ያድግበታል» ብለሽ ትልቅ እንዳትገዢ፣ ጫማ አይደለም።

ከመቀሌ፦ በበጋ መቃኛዎቹ እየተንሸራተቱ አስቸገሩኝ።

መልስ፦ አየሩ ሲደርቅ እንጨት ይኮማተራል። በክረምት ደግሞ አብጦ አልዞርም ይልሃል። ስትቃኝ እያዞርክ ወደ ውስጥ ገፋ አድርገው። አራቱንም ክር ግን ባንዴ እንዳታላላ! ብሪጁ በሙጫ አልተያዘም፣ ያቆመው የክሮቹ ጫና ነው። ሆዱ ውስጥ ያለችው ትንሽ እንጨትም እንደዚያው፤ ከወደቀች ባለሙያ ነው የሚያቆማት። የሚላላው ቀስቱ ነው፣ ቀስቱ!

ከአዲስ አበባ፦ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፣ ጎረቤት ተማረረ።

መልስ፦ ብሪጁ ላይ የሚሰካ የጎማ ማፈኛ አለ። ሁሌ አትጠቀሚበት፣ የራስሽን ድምፅ ይደብቅብሻል።

ከዋሽንግተን፦ ትዝታ መጫወት የምችለው ስንት ዓመት ተምሬ ነው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ነበር የምጠብቀው። ቀስቱ ቀጥ ብሎ ከሄደልህ ዛሬውኑ! ሬ ባዶውን፣ ከዚያ አንደኛ ጣት፣ ሁለተኛ ጣት። ሁለተኛዋ ከአንደኛዋ ራቅ ትበል፣ ፋ ሻርፕ (ከፋ በግማሽ ድምፅ ከፍ ያለች) ናት። ቀጥሎ ላ ባዶውን፣ አንደኛ ጣት። አለቀ፣ አምስቱ ድምፆች እነዚሁ ናቸው። ከትዝታ ቅኝቶች ሜጀሩ ይህ ነው። ላ ክር ላይ ሦስተኛ ጣት ስትጨምር ላይኛው ሬ ይመጣል። ቦታዋን በትክክል ካገኘሃት ጎን ያለው ባዶ ሬ ክር ሳትነካው ይንቀጠቀጣል። እሱን ተመልከት፤ ለጣት ቦታ ማሳያ ከሚለጠፍ ፕላስተር ይበልጣል። ተማሪዎቼን የማስጀምረው በዚህ ነው። በማያውቁት ዜማ ስህተታቸውን አይሰሙትም፣ ትዝታ ሲበላሽ ግን ማንም ይሰማዋል።

ሌላ አባል፦ ለትዝታማ ማሲንቆ እያለ ቫዮሊን ምን ይሠራል?

ከጎንደር፦ አራት ክር ከአንድ ይሻላላ።

ሌላ አባል፦ አዝማሪ በአንዷ ክር ያስለቅስሃል፣ አንተ በአራቱ ጎረቤት ታስለቅሳለህ።

መልስ፦ ተዉ እንጂ! ቀስታቸው ሁለቱም የፈረስ ጭራ ነው። የማሲንቆው ክር ራሱ ጭራ ነው። ግን ማሲንቆ ጣት የሚያርፍበት ሰሌዳ የለውም፣ ክሩን ዳሰስ ነው የምታደርገው። ቫዮሊን ላይ ወደ እንጨቱ ትጫነዋለህ። ማሲንቆ የሚችል ሰው ጆሮው ቀድሟል፣ ግራ እጁ ግን እንደ አዲስ ይማራል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ከድሬዳዋ፦ ለጀማሪ የቱ ቫዮሊን ይሻላል?

መልስ፦ ከላይ አንብብ።

ከባህር ዳር፦ መምህር፣ ነገም መለማመዴ ካልቀረ፣ ቀስቱን ማታ ማታ ማላላት ግድ ነው?

መልስ፦ አዎ። ደህና እደሩ።