ጥያቄና መልስ፦ የኮሮና ጊዜ ክልከላና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሰውነት

ጥያቄ፦ በኮሮና ጊዜ ክልከላ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንቅስቃሴ ቀነሰ ይባላል። ነገር ግን ብዙዎቻችን ግቢ እያለንም ስፖርት አንሠራም ነበር። ያልነበረን እንቅስቃሴ እንዴት ቀነሰ ይባላል?

መልስ፦ እንቅስቃሴ ኳስና ጂም ብቻ አይደለም። ከዶርም ወደ ካፌ፣ ከካፌ ወደ ክፍል፣ ማታ ደግሞ ወደ ላይብረሪ የሚደረገው ምልልስ፣ ማንም ስፖርት ብሎ ባይቆጥረውም፣ ለብዙ ተማሪ የቀኑ ዋነኛ እንቅስቃሴ ነው። በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጸ በኋላ ትምህርት ተቋርጦ ተማሪዎች ወደየቤተሰባቸው ሲሸኙ፣ የተቋረጠው በመጀመሪያ ይኸው የእግር መንገድ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ገጠር ገብቼ ክረምቱን በእርሻና በአረም አሳለፍኩ። ስለ እኔስ ምን ይባላል?

መልስ፦ የእርስዎ እንቅስቃሴ ጨምሮ ሊሆን ይችላል። እንደ ጣሊያንና ስፔን ሰው ያለ በቂ ምክንያት ከቤት እንዳይወጣ በታገደባቸው አገሮች ስለ እንቅስቃሴ መቀነስ በጥናት የተገኘን ውጤት፣ እንዲህ ያለ እገዳ ባልነበረበትና ተማሪው ከተማም ገጠርም በተበተነበት በእኛ አገር ላይ እንዳለ መለጠፍ፣ በእኔ እምነት፣ ስህተት ነው።

ጥያቄ፦ ክብደቴ አልተለወጠም። አልተጎዳሁም ማለት ነው?

መልስ፦ ማለት አይደለም። ቁመቱ 1.70 ሜትር፣ ክብደቱ 65 ኪሎ የሆነ ተማሪ እናስብ፤ ክብደቱ በሜትር ለተለካው ቁመቱ ስኩዌር ሲካፈል 22.5 ይመጣል፣ ይህም ጤናማ የሚባለው ልክ ነው። ይህ ተማሪ ወራት ሙሉ ተቀምጦ 2 ኪሎ ጡንቻ ቢያጣና 2 ኪሎ ስብ ቢጨምር፣ ሚዛኑም ስሌቱም ንቅንቅ አይሉም። ለውጡን ቀድሞ የሚያሳብቀው የሱሪው ወገብ ነው። ስለዚህ ከሚዛን ጎን ሜትር ይያዙ፤ ትንፋሽ ካስወጡ በኋላ፣ ከመጨረሻው የጎን አጥንት በታችና ከዳሌ አጥንት በላይ፣ መሃሉ ላይ ይለኩ።

ጥያቄ፦ የስብ መጠንን በመቶኛ የሚናገረው ሚዛን ይታመናል?

መልስ፦ በግምት ደረጃ ብቻ። መሣሪያው በእግር በኩል ደካማ ኤሌክትሪክ ይልካል፤ ውኃ የበዛበት ጡንቻ በቀላሉ ያሳልፈዋል፣ ስብ ግን ይቋቋመዋል። ስለዚህ ውኃ ጠጥተው ወይም አልቦት ሲመዘኑ ቁጥሩ ይለያያል።

ጥያቄ፦ የመመረቂያ ጽሑፌን በዚህ ርዕስ ልሠራ አስቤአለሁ። ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት የቀን መቁጠሪያ ይዩ። ትምህርት የተቋረጠው በዐቢይ ጾም ነበር፤ ፋሲካ ሚያዝያ 11 ቀን ዋለ፣ ረመዳን ደግሞ ከአምስት ቀን በኋላ ገባ። በጾም የተመዘነን ተማሪ ከፍስክ በኋላ መዝነው ልዩነቱን ሁሉ ለኮሮና ቢሰጡ፣ የምግቡን ለውጥ ከእንቅስቃሴው ጋር ቀላቀሉት ማለት ነው። ሁለተኛ፣ መረጃዎ በመጠይቅ ብቻ የሚሰበሰብ ከሆነ፣ ሰው የሮጠበትን ቀን ያስታውሳል እንጂ የተቀመጠበትን ሰዓት አይቆጥርም፤ በተለይ ከዓመታት በኋላ የሚሰጥ መልስ በብርቱ ይጠርጠር። የዩኒቨርሲቲዎ ክሊኒክ ከመጋቢት 2012 በፊት የመዘገበው ክብደትና ቁመት ካለ ግን፣ በፈቃድና ስም ሳይጠቀስ፣ መነሻዎ እርሱ ይሁን።