«እሱስ ፈርቶ ያውቃል?»

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «ዶክተር፣ ክርስቶስ አምላክ ከሆነ በጌቴሴማኒ ለምን ፈራ?» በቃ፣ ይኸው ነው። ሰላምታ የለ፣ ስም የለ። የእናንተ ዘመን ሰው ሰላምታ ጊዜ ማባከን ይመስለዋል፤ እሱን ለምጄዋለሁ። ጥያቄውን ግን አልለመድኩትም። ከአርባ ዓመት በፊት አንድ አዛውንት ይህንኑ ጠይቀውኝ የሰጠኋቸው መልስ እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል።

ያኔ ከተመረቅሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ቀን በሽተኛ አያለሁ፣ ማታ የሃይማኖት ነገር አነባለሁ። አነባለሁ ስል ለነፍሴ እንዳይመስላችሁ፤ ለክርክር ነው። ከጋዋኔ ኪስ አንዲት ጠንካራ ሽፋን ያላት ደብተር አትጠፋም ነበር። በግራ ገጿ «የሚሉት»፣ በቀኝ ገጿ «መልሱ» ይላል። ከማንም ጋር ብጋጠም እሷን ይዤ አልሸነፍም።

አዛውንቱ የልብ ድካም ታማሚ ነበሩ። ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ስለሚያጥራቸው ትራስ ተደራርቦላቸው ቁጭ እንዳሉ ነው የሚያድሩት። እግራቸው አብጦ፣ ቅልጥማቸውን በአውራ ጣቴ ስጫን የጣቴ ጉድጓድ እዚያው ይቀራል። ለመናገር የኦክስጅኑን ማስክ በሁለት ጣት ከፍ አድርገው ሁለት ሦስት ቃል ይሉና ይመልሱታል። በዚያች ሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ማስኩን ከፍ አደረጉና፣

«ልጄ፣ እድናለሁ?» አሉኝ።

ሳንባዎ ላይ ያለው ውሃ እየቀነሰ ነው፣ ሽንትዎም ጥሩ እየመጣ ነው፣ እያልኩ ቀጠልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱን አይደለም» አሉ።

ቋንቋችን እዚህ ላይ ጉድ ነው። ከበሽታ የተነሣም ዳነ ይባላል፣ ከኃጢአት የተፈታም ዳነ ይባላል። እኔ በወረቀት የምጽፈውም መድኃኒት ነው፣ መልአኩ ለእረኞቹ ተወለደላችሁ ያላቸውም መድኃኒት ነው። ወንጌሉም እንደዚያው ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ደም ሲፈስሳት የኖረችውንም ሴት፣ በስምዖን ቤት እግሩን በእንባዋ ያራሰችውንም ሴት በአንድ ቃል «እምነትሽ አድኖሻል» ብሎ ነው ያሰናበታቸው። ሐኪም ሆኜ ይህን ለማስተዋል ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ ብነግራችሁ ታፍሩብኛላችሁ።

እውነቱን ልናገርና፣ «እሱን አይደለም» ሲሉኝ ደስ አለኝ። ወንበር ስቤ ደብተሬን አወጣሁ። ከኒቅያ ጉባኤ ጀመርኩ። እ.ኤ.አ. በ325 አባቶች እንዴት እንደተሰበሰቡ፣ አርዮስ የተባለ ካህን ወልድን «ያልነበረበት ጊዜ ነበረ» እንዳለ፣ ጉባኤው «የተወለደ እንጂ ያልተፈጠረ» ብሎ እንደመለሰለት ነገርኳቸው። አርዮስን የተከራከረው የእስክንድርያው ጳጳስ አትናቴዎስ አምስት ጊዜ መሰደዱንም አልተውኩም። ፍጡር ፍጡርን ማዳን አይችልም፤ ወልድ ፍጡር ከሆነ እስካሁን ማንም አልዳነም ማለት ነው አልኳቸው። ከተናገርኩት ውስጥ አንድም ስሕተት አልነበረበትም። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ስጨርስ ማስኩን ከፍ አደረጉ።

«እሱስ… ፈርቶ ያውቃል?»

ይህ ጥያቄ በደብተሬ ግራ ገጽ ላይ አለ። ተራበ፣ ደከመው፣ ፈራ፣ ስለዚህ አምላክ አይደለም የሚሉትን የጻፍኩበት ገጽ ነው። ወጥመድ የመጣብኝ መሰለኝ። «የለም አባባ፣ አምላክ እንዴት ይፈራል? ለእኛ ምሳሌ ሊሆን ነው እንጂ» አልኳቸው።

ትንሽ አዩኝ። ማስኩን መለሱና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እንቅልፍ የያዛቸው መስሎኝ ወጣሁ።

ግሉኮሱን ስታስተካክል የነበረችው ሲስተር ኮሪደር ላይ ተከተለችኝ። «ዶክተር፣ ሰውየው እኮ የፈሩት ራሳቸው ናቸው» አለችኝ። ተቆጣሁ። በዕድሜ እናቴ ትሆናለች፤ ያም ሆኖ ተቆጣኋት። ከእሷ የተማርኩት ብዙ ነው። በሽተኛ ከመንካቷ በፊት እጇን እያፋተገች ታሞቃለች፤ ጡረታ እስከወጣሁ ድረስ የማዳመጫዬን ጫፍ በመዳፌ ሳላሞቅ ሰው ደረት ላይ አድርጌ አላውቅም፣ ያ የእሷ ነው። ሊነጋጋ ሲል ስመለስ እኔ የተውኩት ወንበር ላይ ቁጭ ብላ እጃቸውን ይዛለች። አርፈው ነበር። ምን እንዳለቻቸው አልጠየቅኋትም። ጠይቄያት ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ የምትጽፍላችሁ እሷ በሆነች ነበር።

ከዓመታት በኋላ ያችን ደብተር ሳገላብጥ በቀኝ ገጿ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የጻፍኩት ቃል ዓይኔ ውስጥ ገባ። ነባቤ መለኮት ጎርጎርዮስ ለአንድ ካህን በላከው ደብዳቤ ያለው ነው፦ ያልነሣውን አልፈወሰም፤ ክርስቶስ የራሱ ያላደረገውን የሰው ነገር አላዳነውም ማለት ነው። የተጻፈው አቡሊናርዮስን በመቃወም ነው። አቡሊናርዮስ ደግሞ አርዮስን አጥብቆ የተቃወመ፣ የአትናቴዎስ ወዳጅ የነበረ ጳጳስ ነው። ለክርስቶስ አምላክነት ሲቀና፣ ቃል በሰው አእምሮ ቦታ ገባ እንጂ የሰው አእምሮ አልነሣም ወደ ማለት ደረሰ። በ381 የቁስጥንጥንያ ጉባኤ ትምህርቱን አወገዘው። የሰው አእምሮ የሌለው እንዴት ይፈራል? እኔም በዚያች ሌሊት አርዮስን እየረታሁ አቡሊናርዮስን ሆኜ ነበር።

ወንጌላዊው ማርቆስ ግን የጌቴሴማኒን ሌሊት ሲጽፍ አይሸፍንም፤ «ሊደነግጥም ሊተክዝም ጀመረ» ይላል። «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች» ያለውም ራሱ ነው። ፍርሃቱን ካልነሣ የእኚያ አዛውንት ፍርሃት ሳይፈወስ ቀርቷል። ደግሞም የፈራው ሰውየው ነው፣ አምላኩ ከላይ ያይ ነበር ብላችሁ እንዳትከፍሉት፤ ያም በ431 በኤፌሶን ጉባኤ የተወገዘ የንስጥሮስ መንገድ ነው። በጌቴሴማኒ የተንበረከከው ያው አንዱ ቃል ነው፤ በገዛ ሥጋው፣ በገዛ ነፍሱ ፈራ። ከ451ዱ የኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ ሁለት ባሕርይ ያሉና በእስክንድርያው ጳጳስ በቄርሎስ ቃል አንድ ባሕርይ ያሉ ተለያይተው ቢኖሩም፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የሮማው ፓፓ ጳውሎስ 6ኛና የእስክንድርያው ሺኖዳ 3ኛ በጋራ ሲፈርሙ ፍጹም አምላክ፣ ፍጹም ሰው መሆኑን አንድ ላይ መስክረዋል። ልዩነቱ ቀላል ነው እያልኩ አይደለም።

እምነት ወይስ ሥራ የሚለውን አልነካውም፤ በእምነት ድናችኋል የሚለው ኤፌሶን 2፥8 ላይ የሚቆም ሰው ለመልካም ሥራ ተፈጠርን የሚለውን ቁጥር 10ን ቢያነብ፣ ቁጥር 10ን የያዘም ወደ 8 ቢመለስ ግማሹ ጭቅጭቅ ይቀራል። በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ ለሁለቱም ወገን ያስቸግራል፤ እሱን አስቡት።

እናንተ ደግሞ ደብተር የላችሁም፤ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ አላችሁ። ተከራካሪው ሲያፍር ትስቁና ለሌላው ትልካላችሁ። ተዉት እላለሁ። ጸሎተ ሃይማኖትን ግን ቃል በቃል ያዙት፣ ጉባኤያቱንም ከነዓመታቸው እወቁ፤ ለክርክር እንኳ ቢሆን። ይህ ከላዩ ጋር እንደማይገጥም አውቃለሁ። ያችን ደብተር ባልይዝ ኖሮ ግን በቀይ የጻፍኩትን ከየት አገኘው ነበር?

ለልጅቷ ረጅም መልስ ጽፌ አጠፋሁት። የላክሁላት ሁለት መስመር ብቻ ነው። «አዎ፣ ፈርቷል» አልኩና ከሥሩ «የፈራው ማን ነው፣ አንቺ ነሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። አንብባዋለች፤ መልስ ግን እስካሁን አልጻፈችም።