የአየር ኃይሉ «ብቁ» እና የሲቪሉ ቅጽ

ጥያቄ፦ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። በአየር ኃይል የሄሊኮፕተር አብራሪ ነበርኩ፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት ምድር ሥራ ላይ ተመድቤ ቆይቼ በሻምበልነት ተሰናበትኩ። አሁን 43 ዓመቴ ነው፤ የንግድ አብራሪነት ፈቃድ ማውጣት እፈልጋለሁ። በእጄ ያለው የበረራ ሕክምና ውጤት «ብቁ» ይላል። አሜሪካ ውስጥ የወታደር ምርመራ ለሲቪል ያገለግላል ሲባል አንብቤያለሁ። እኛ ዘንድስ? ሲቪሎቹ የወታደር ማኅደር ያያሉ ወይ?

መልስ፦ ሻምበል፣ የወታደሩ ምርመራ የሲቪሉን አይተካም። እ.ኤ.አ. በ1944 የተፈረመውና አገራችንም ያለችበት የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ስምምነት (የቺካጎ ስምምነት)፣ በአንቀጽ 3 የጦር አውሮፕላንን ከሲቪሉ ሥርዓት ያወጣዋል። ፈቃዱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ስለሆነ የሚመረምርዎትም እሱ የሰየመው ሐኪም ነው። ለንግድ አብራሪ የሚጠየቀው ክላስ ዋን ሜዲካል (የአንደኛ ደረጃ የጤና ብቃት ማረጋገጫ) ነው፤ በዓለም አቀፉ ደንብ 12 ወር ያገለግላል፤ 40 ዓመት ያለፈው አብራሪ ብቻውን እያበረረ መንገደኛ በክፍያ የሚያጓጉዝ ከሆነ ግን 6 ወር ብቻ። የበረራ ሰዓትዎ ለብቻው የሚታይ ጉዳይ ነው። ያነበቡት የአሜሪካ ደንብም ለራሷ ጦር አብራሪዎች፣ በራሷ ሰማይ፣ ከሦስተኛ ደረጃ ያልበለጠ ሜዲካል ለሚጠይቅ በረራ ነው። የንግድ በረራን አይጨምርም።

አሁን ወዳልጻፉልኝ ልምጣ። «ብቁ» የሚለው ወረቀት ቀኑ መቼ ነው? ምድር ሥራ ላይ ከመመደብዎ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ሁለት ዓመት ሙሉ ከበረራ ያወረደዎት ምንድን ነው? «ማኅደር ያያሉ ወይ» ባይሉኝ ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጠረጠርኩ። አይቀየሙኝ። ደብረ ማርቆስ ቢሮዬ የሚመጣው በአብዛኛው የመሬትና የውርስ ባለጉዳይ ነው፤ የይዞታ ደብተሩን ያሳየኛል፣ የሚስቱ ፎቶ ያለበትን ገጽ ግን አይገልጥልኝም። ችሎት ላይ የሚገልጠው ባላጋራው ነው።

ሰው ሁሉ የሚወድቅበት ጉድጓድ መርማሪው ሐኪም ፊት የሚፈረመው መግለጫ ነው። ስለ ፈቃድ አሰጣጥ የሚደነግገው የቺካጎ ስምምነት 1ኛ አባሪ፣ አመልካቹ ከዚህ በፊት ተመርምሮ ከሆነ መቼ፣ የት፣ ውጤቱስ ምን እንደነበር፤ የሕክምና ብቃት ተከልክሎ፣ ታግዶ ወይም ተሰርዞበት ከሆነም ምክንያቱን ጭምር በፊርማው እንዲያስታውቅ ያዛል። ሐሰት ከተገኘ ለፈቃድ ሰጪው ይተላለፋል። ብዙው ሰው «የታገድኩት በወታደር ቤት ነው፤ ይህ ሲቪል ነው» ብሎ «የለም» ላይ ምልክት ያደርጋል። ልብ ይበሉ፤ ይኸው ሰው ትናንት የወታደሩ ወረቀት ከሲቪሉ እኩል ነው ሲል ነበር! ሲጠቅም አንድ፣ ሲጎዳ ሌላ አይሆንም።

ያቺ አሜሪካ ራሷ እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ 4,800 የሚጠጉ የቀድሞ ወታደር አብራሪዎችን ስትመረምር ነበር፤ በሕመም ስም የጉዳት አበል እየተቀበሉ ያንኑ ሕመም ለበረራ ሐኪም ሳይናገሩ ቀርተዋል በሚል ጥርጣሬ። እርስዎስ የሚቀበሉት ጡረታ ምን ዓይነት ነው? የጉዳት አበል ካለበት፣ ያ ውሳኔ በማኅተም የተረጋገጠ የሕመም ማስረጃ ነው። መድንም አለ፤ በ1952ቱ የንግድ ሕግ አንቀጽ 668 መሠረት ሆነ ብሎ የተደበቀ ፍሬ ነገር የመድን ውሉን ዋጋ ሊያሳጣው ይችላል። ወንጀሉን ገና አላነሳሁም።

የተናገረ ሰው ግን በር አለው። ያው አባሪ፣ መስፈርቱን ያላሟላ አመልካች ጉዳይ በባለሙያዎች ታይቶ ለበረራ ደኅንነት እንደማያሰጋ ከተረጋገጠ ፈቃድ ሊሰጠው እንደሚችል ይደነግጋል። የደበቀ ሰው ወደዚያ በር አይደርስም።

ስለዚህ ቅጹን ከመንካትዎ በፊት ሰነድ ይሰብስቡ፦ የስንብት ደብዳቤ፣ ቦርድ ቀርበው ከነበረ የሐኪሞች ቦርድ ውሳኔ፣ የጡረታ ውሳኔ፣ የበረራ መዝገብ። ከሠራዊቱ የሚፈልጉትን በማመልከቻ ይጠይቁ፣ ገቢ የተደረገበትን ቅጂ ያስቀሩ። በወዳጅ በኩል ኮፒ አስወጣለሁ እንዳይሉ፤ ያ ሌላ ክስ ነው። ይህ ምላሽ በደብዳቤዎ ላይ ብቻ የቆመ ስለሆነ፣ ሰነዶቹን ይዘው እዚያው ባሕር ዳር አንድ ጠበቃ ያማክሩ፤ ከመፈረምዎ በፊት እንጂ በኋላ አይሁን።

ከሁሉ አስቀድመው ወደ ምድር ሥራ ያዛወረዎትን ደብዳቤ ፈልገው ያንብቡት። ምክንያቱ የሰው ኃይል ሽግሽግ ብቻ ከሆነ ጥርጣሬዬን ይቅር ይበሉኝ፤ ያንን ደብዳቤ ግን ያኔም ቢሆን ከማመልከቻው ጋር አያይዙት።