ሰኞ ማክሰኞ በስፓኒሽ

ጥያቄ፦ እህቴ ማድሪድ ነው የምትኖረው። ክረምት ላይ ልጆቿን ይዛ ትመጣለች፤ እነሱ ደግሞ አማርኛ ብዙም አይሞክሩም። የእኔዎቹ አራትና ስድስት ዓመታቸው ነው። ትንሽ ስፓኒሽ ላስጀምራቸው ብዬ ደብተር ባወጣ ጥለውኝ ሮጡ። እኔም ብዙ አልችልም። ምን ይሻለኛል? (እናት፣ ከደሴ)

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ደብተሩን መልሺው። ጠመኔ ያዢና ግቢው ላይ ሰኞ ማክሰኞ አስምሪላቸው። ድንጋዩን ወርውረው ሲዘሉ ከሰኞ እስከ ዓርብ «ሉኔስ፣ ማርቴስ፣ ሚዬርኮሌስ፣ ኹዌቤስ፣ ቢዬርኔስ» እያሉ ይቁጠሩ፣ የረሳ ተራው ያልፋል፣ አንቺም ነጠላሽን አሸርጠሽ አብረሽ ዝለይ፤ ስትሳሳቺ የሚስቁብሽን ቃል መቼም አይረሱትም።

ዝናብ ከያዘ (የደሴን ክረምት ለአንቺ አልነግርሽም) በረንዳ ላይ ጭቃ ያቡኩ። ላም ሲሠሩ «ባካ»፣ ፍየል ሲሠሩ «ካብራ»፣ በግ ሲሠሩ «ኦቤኻ»። ይቺን ከጉሮሮ የምትወጣ «ኸ» አያትዮዋ ከሁላችሁም አሳምረው ይሏታል። «ኝ»ም ብትሆን ቤታችን ያለች ናት፤ ልጅ «ኒኞ»፣ ነገ «ማኛና» ነው። ለስፌት የተነከረ አለላ ካለ ደግሞ ቀለም አስለዪያቸው፦ አረንጓዴው ቤርዴ፣ ቢጫው አማሪዮ፣ ቀዩ ሮኾ።

በቀን አሥር ደቂቃ ይበቃል፣ ሲሰለቻቸው ተዪው። ስለ አነጋገርሽ አትጨነቂ፤ እሁድ እሁድ እህትሽ ጋ ደውዪና የአክስታቸው ልጆች ያርሟቸው። እነሱም በተራቸው «ሰኞ፣ ማክሰኞ» ማለት ይልመዱ እንጂ!