«ክፍተቶች ታይተዋል» ሲባል አድራጊው ማን ነው?

ጥያቄ፦ በመሥሪያ ቤታችን ስብሰባዎች ላይ ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ። ኃላፊዎች ስለ ተጓተቱ ሥራዎች ሲጠየቁ «ክፍተቶች ታይተዋል»፣ «በሚፈለገው ደረጃ አልተከናወነም»፣ «በጀቱ አለቀብን» ይላሉ። በመንግሥት መግለጫዎችም የምሰማው ይህንኑ ነው። አነጋገሩ በሰዋስው ረገድ ትክክል ነው? ትክክል ከሆነስ ጥያቄው እንዳልተመለሰ ሆኖ የሚሰማኝ ለምንድን ነው?

መልስ፦ ሰዋስዋዊ ስሕተት የለበትም። «ተሠራ»፣ «ተከናወነ»፣ «ታየ» የሚሉት ተደራጊ ግሶች፣ አድራጊው በማይታወቅበት ወይም ቢታወቅም ለጉዳዩ በማያስፈልግበት ጊዜ ሁላችንም የምንገለገልባቸው ናቸው፤ ስለዚህ ተደራጊ ግስን በጅምላ የሽሽት ግስ አድርጎ የሚያወግዘውን ምክር አልቀበለውም። መመርመር ያለበት አድራጊው መቼ እንደሚጠራና መቼ እንደሚቀር ነው። አማርኛ በተደራጊ ዐረፍተ ነገርም ቢሆን አድራጊውን «በ» በሚለው መስተዋድድ ማስገባት ይችላል። መንገድ ሲመረቅ «በአስተዳደሩ ቁርጠኛ አመራር ተጠናቀቀ» ይባላል፤ ያው መንገድ ሲጓተት ግን «በ» ይጠፋል፣ ካልጠፋም ተከትሎት የሚመጣው «በግብዓት እጥረት» ወይም፣ ከሁሉ የሚመቸው፣ «በተለያዩ ምክንያቶች» ይሆናል።

«ክፍተት» የሚለው ቃል ደግሞ ብቻውን ብዙ ሥራ ይሠራል። ከጥፋት አጥፊ፣ ከበደል በዳይ፣ ከቸልተኝነት ቸልተኛ ይገኛል፤ ከክፍተት ግን ተጠያቂ የሚሆን ሰው አይገኝም፤ «ከፋች» ብንል እንኳ በር የሚከፍት ሰው ነው ወደ ሐሳባችን የሚመጣው። ክፍተት አይፈጸምም፤ ይታያል ብቻ። «ታይተዋል» ሲባልም ያደረገው ብቻ ሳይሆን ያየውም ሰው አብሮ ይሰወራል፤ ያየው የኦዲት ቡድን ይሁን፣ ጋዜጠኛ ይሁን፣ በጭቃ የተመላለሰው ነዋሪ ይሁን አይነገረንም። «ተግዳሮት» ከመገዳደር ጋር የሚዛመድ በመሆኑ ችግሩን ከውጭ የመጣ ያስመስለዋል፤ ተገዳዳሪው ሁልጊዜ ሌላ ነውና።

ከጠቀሷቸው ሦስት አባባሎች ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን «አለቀብን» ነው። «አለቀ» በሚለው ግስ ላይ የተቀጠለው «ብን» የሚያመለክተው በነገሩ የተጎዳውን ወገን ነው፤ «ልጄ ታመመብኝ»፣ «በሬዬ ሞተብኝ» እንደምንለው። እንግዲህ በጀቱን የማዘዝ ሥልጣን የነበረው ሰው «በጀቱ አለቀብን» ሲል በሬ እንደ ሞተበት ገበሬ በሐዘንተኛው ወንበር ይቀመጣል፤ ሰሚውም ሳያስበው ሊያጽናናው ይቃጣዋል። «ተጓተተብን»፣ «ከቁጥጥር ውጭ ሆነብን» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። ተደራጊው ግስ አድራጊውን ቢሰውረው ነው፤ «ብን» ግን ተጎጂ አድርጎ መልሶ ያቀርበዋል።

አድራጊን መሰወር በአማርኛ ብቻ የሚታይ አይደለም። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬጋን ለኢራን በምስጢር ስለ ተሸጠው የጦር መሣሪያ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1987 ለኮንግረስ ሲናገሩ ከባድ ስሕተቶች መፈጸማቸውን እንጂ ፈጻሚያቸውን አልገለጹም። ማርች 4 ቀን ግን በቴሌቪዥን ቀርበው ለራሳቸውም ሆነ ለአስተዳደራቸው ተግባር ሙሉ ኃላፊነት እንደሚወስዱ ተናገሩ። በሁለቱ ንግግሮች መካከል ጉዳዩን የመረመረው የታወር ኮሚሽን ሪፖርት ወጥቶ ነበር፤ ባለቤቱን ወደ ዐረፍተ ነገሩ የመለሰው የቋንቋ ትምህርት ሳይሆን ምርመራ መሆኑን ልብ ይሏል።

በእኛ አገር ከግሱ ይልቅ የስሙ ምርጫ የከበደበት ዘመን አለ። በ1977ቱ እልቂት የዝናብ መቅረት እውነት ነበር፤ ነገር ግን ሁሉንም «ድርቅ» በሚለው ቃል መጠቅለል ጦርነቱንና የደርግን የእርሻ ፖሊሲ ከምክንያቶቹ ተራ ያወጣ ነበር። «ረሃብ» ቢባል «አስራበ» የሚል ግስ አለና ማን አስራበ ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል፤ «ዝናብ ቀረ» ለሚለው ግን በምድር ላይ ተጠያቂ አይገኝለትም።

ስለ «እኛ» አልጠየቁኝም፤ ነገር ግን ሳልጠቅሰው አላልፍም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በንግግራቸው «እኛ» ሲሉ አንድ የታወቀ ሰው ማለታቸው ነበር። «ሁላችንም ተጠያቂዎች ነን» በሚለው የዛሬው አባባል ያለው «እኛ» ወሳኙንም፣ ፈጻሚውንም፣ ውኃ ያልደረሰውንም ነዋሪ በአንድነት ስለሚያቅፍ ለይቶ የሚጠራው ሰው የለም።

ወደ ቃለ ጉባኤዎ ስመለስ፣ ተናጋሪው «ክፍተቶች ታይተዋል» ካለ እንዳለው ይመዝግቡት፤ የእርሱን አነጋገር ማቃናት የእርስዎ ተግባር አይደለም። በውሳኔው ክፍል ግን «ክፍተቱ እንዲታረም ተወስኗል» ብለው ከመጻፍዎ በፊት፣ ስብሰባው ሳይበተን ማን እስከ መቼ እንደሚያርመው ሰብሳቢውን ይጠይቁ። መልስ ካገኙ አድራጊውን ባለቤት የሚያደርግ ገቢር ግስ ይጠቀሙ፦ «የግዥ ክፍሉ የቀረውን ዕቃ እስከ ወሩ መጨረሻ ገዝቶ ያስረክባል»። ካላገኙ ደግሞ «የሚያርመው ክፍል አልተሰየመም» ብለው ይጻፉ። ይህም ግስ ተደራጊ ነው፤ ነገር ግን የጎደለውን በስሙ ስለሚጠራ የምቃወምበት ምክንያት የለኝም።