ጥቂት ተጫዋች ላለው ጌም ስንት እንጠይቅ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከጓደኛዬ ጋር አራት ዓመት የደከምንበትን የጦር ስልት ጌም በቅርቡ ስቲም በተባለው የኮምፒውተር ጌም መሸጫ ድረ ገጽ ልናወጣ ነው። እንዲህ ያለውን ጌም የሚወዱ ሰዎች ጥቂት ናቸው። ጓደኛዬ «በ5 ዶላር ይውጣና ብዙ ሰው ይግዛው» ይላል፤ እኔ 20 ዶላር እላለሁ፤ ግን አፌን ሞልቼ ለመናገር አፍራለሁ። ምን ይመክሩናል?
ከሲያትል

መልስ፦ 20 ዶላሩ ተገቢ ነው፤ ሊያፍሩበትም አይገባም። ዋጋ መቀነስ ገበያ የሚያደምቀው መግዛት የሚፈልገው ሰው ብዙ ሲሆን ነው። ካርታ ላይ አቀርቅሮ ሰዓታት ማሳለፍ የማይወድ ሰው ጌማችሁን በ5 ዶላርም አይገዛውም፤ የሚወደው ግን ልቡ የሚሻውን ጌም ከስንት አንዴ ነው የሚያገኘውና 20 ዶላር አያስደነግጠውም።

እስቲ ሒሳቡን እንየው። ስቲም ከሽያጭ 30 በመቶ ስለሚወስድ፣ ግብሩና ለገዢ የሚመለሰው ገንዘብ ሳይታሰብ፣ ከ5 ዶላሩ የሚደርሳችሁ 3 ዶላር ከ50 ሳንቲም፣ ከ20ው ደግሞ 14 ዶላር ነው። በ5 ዶላር 2,000 ሰው ገዝቶ የምታገኙትን 7,000 ዶላር፣ በ20 ዶላር 500 ሰው ብቻ ይሰጣችኋል። ያን 1,500 ሰው ከየት ታመጡታላችሁ?

እዚያው በከተማዎ፣ ጄፍ ቮገል እ.ኤ.አ. በ1994 የመሠረተው ስፓይደርዌብ ሶፍትዌር ሥዕላቸው ቀላል፣ ታሪካቸው ግን ረጅም የሆኑ ጌሞችን ለጥቂት ታማኝ ደንበኞች እየሸጠ እስካሁን ዘልቋል፤ በ2021 ያወጣውንም «ጄንፎርጅ 1፦ ሙታጀን» የሸጠው በ20 ዶላር ገደማ ነው። ከ2006 ጀምሮ በነጻ ይታደል የነበረው «ድዋርፍ ፎርትረስ» ደግሞ በታኅሣሥ 2022 አዲስ ሥዕል ተጨምሮለት በ30 ዶላር ገደማ ስቲም ላይ ሲወጣ፣ ነጻው ቅጂ አሁንም እየታደለ እንኳ በመጀመሪያው ወር ከ100,000 በላይ ተሸጧል። እርግጥ የዚያ ጌም ወዳጆች የተሰባሰቡት በ16 ዓመት ውስጥ ስለሆነ እናንተ ያንን ቁጥር አትጠብቁ፤ የወደደ ሰው እንደሚከፍል ግን ያሳያል።

የጓደኛዎ ሐሳብም ቦታ አለው። በ20 የጀመረ ዋጋ በቅናሽ ወቅት ወደ 10 ሊወርድ ይችላል፤ በ5 የጀመረውን ወደ 20 ማውጣት ግን ቀድሞ ያየውን ሁሉ ያስቀይማል። ስቲም 20 በመቶና ከዚያ በላይ ቅናሽ ሲደረግ ጌሙን በምኞት ዝርዝራቸው ላስገቡ ሰዎች ኢሜይል ይልካልና፣ ዋጋው የከበደው ሰው ያን ጊዜ ይመጣል። እስከዚያው የጌሙን የመጀመሪያ ዘመቻ በነጻ የሚያስሞክር ዴሞ አውጡ፤ 20 ዶላር ለማውጣት የሚያመነታ ሰው የሚፈራው ገንዘቡን ሳይሆን ጌሙ የእሱ ዓይነት አለመሆኑን ነው።