ቴምብር አልበም ላይ እንዴት ይያዝ? ጥያቄና መልስ

ስለ ቴምብር አያያዝ የከበዳችሁን ሁሉ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ከጠበቅኩት በላይ በዛ፤ ደስ ብሎኛል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል። ቴምብርን ከገጽ ጋር የሚያገናኝ ማንኛውም ነገር ነገ ያለ ጉዳት መነሳት መቻል አለበት። የማይነሳ ከሆነ፣ ምንም ያህል ቢያምር አልመክርም።

ጥያቄ፦ ጀማሪ ነኝ። አንዳንዱ ሂንጅ ይላል፣ ሌላው ማውንት ይላል። የትኛውን ልያዝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ቴምብሩን ገልብጥና ጀርባውን እይ። መልሱን የምታገኘው እዚያ ነው።

ሂንጅ ብርሃን የምታሳልፍ፣ ስስ፣ በአንድ ፊቷ ሙጫ ያላት ብጣሽ ወረቀት ናት። ታጥፋ አንዱ ክንፏ የቴምብሩ ጀርባ ላይ፣ ሌላው ገጹ ላይ ይለጠፋል። ማውንት ደግሞ የፕላስቲክ ኪስ ነው። ከፊት ግልጽ ነው፣ ከኋላ ጥቁር ወይም ግልጽ። ገጹ ላይ የሚለጠፈው ኪሱ ብቻ ነው፤ ቴምብሩ መሃል ገብቶ ይቀመጣል፣ ሙጫ አይነካውም።

ማኅተም የተመታበትና ሙጫው ታጥቦ የወጣ ቴምብር ከሆነ ሂንጅ ይበቃዋል። ርካሽ ናት፣ አልበሙን አታሳብጥም፣ ቴምብሩን ቀና አድርገህ ጀርባውን ለማየትም ትመቻለች። ያልተመታና ሙጫው ከማተሚያ ቤት እንደወጣ ያለ ከሆነ ግን ኪስ ነው። እዚህ ላይ አልደራደርም።

ጥያቄ፦ ይሄ የሙጫ ነገር አይገባኝም። ጀርባ ላይ ያለውን ማን ያየዋል? ለምን ይሄን ያህል ዋጋ ይሰጠዋል?

መልስ፦ ጥያቄህ ተገቢ ነው። የቴምብሩ ውበት ፊቱ ላይ እንደሆነ አምናለሁ። ገበያው ግን ጀርባውንም ይቆጥራል፤ በተለይ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ቴምብሮች ላይ። ሂንጅ ነክቶት የማያውቅና ሂንጅ የነካው አንድ ዓይነት ቴምብር በዋጋ በጣም ሊራራቁ ይችላሉ።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። እ.ኤ.አ. በ1918 አሜሪካ ባለ 24 ሳንቲም የአየር ፖስታ ቴምብር ስታወጣ አንድ ሉህ ላይ አውሮፕላኑ ተገልብጦ ታተመ። 100 ቴምብር ያለበት ያ አንድ ሉህ ብቻ ነው ሕዝብ እጅ የገባው። ሉሁ ተበጣጥሶ ብዙዎቹ ቴምብሮች በጊዜው እንደተለመደው በሂንጅ አልበም ላይ ተለጠፉ። ከመካከላቸው አንዱ ግን ሂንጅ ሳይነካው፣ ለረጅም ዘመን ከብርሃን ርቆ ተቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ2023 በጨረታ ሲወጣ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። ሙጫውና ቀለሙ እንዳለ መቆየቱ ለዚያ ዋጋ ትልቅ ድርሻ ነበረው።

ወደ አሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ቴምብሮች ስትሄድ ነገሩ ይለያል። የመጀመሪያው ቴምብር፣ ፔኒ ብላክ፣ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1840 ነው። የጥንት ሰብሳቢዎች ሂንጅ እንኳ ሳይኖራቸው ቴምብሩን በሙጫ ገጹ ላይ ልጥፍ ያደርጉት ነበር። ስለዚህ ከዚያ ዘመን በተረፈ ቴምብር ላይ የሂንጅ ምልክት ማየት አያስደነግጥም። እንዲያውም በጣም የቆየ ቴምብር ጀርባው እንደ አዲስ ሲያብረቀርቅ ጠርጥር። ሙጫ ቀብተው እንደ ጥንቱ አስመስለው የሚሸጡ አሉ።

ጥያቄ፦ ሂንጅ ስጠቀም ቴምብሩ ይጨማደድብኛል፣ አንዳንዴም ገጹ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ምን እያጠፋሁ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ውሃ እያበዛሽ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም ማለት ይቻላል።

እንዲህ አድርጊ። ቴምብሩን ንጹሕ ወረቀት ላይ በፊቱ ድፊው። ሂንጇን በወረንጦ ያዣት። ታጥፋ ካልመጣች ሲሶዋን ያህል እጠፊ፤ ሙጫው ወደ ውጭ ይሁን። አጭሩን ክንፍ በረጠበ ብሩሽ ነካ ብቻ አድርጊው። ሙጫው ወዝ ሲያወጣ ይበቃል፤ የሚንጠባጠብ ከሆነ ጥለሽ ሌላ አንሺ። ከዚያ ከቴምብሩ አናት ከጥርሶቹ (ዳሩ ላይ ካለው መጋዝ መሰል ጠርዝ) ሥር አንድ ሁለት ሚሊሜትር ዝቅ ብለሽ ለጥፊ፤ እጥፋቱ ወደ ላይ ይሁን። ጥርሶቹ ላይ ከወጣች ከፊት ትታያለች፣ ጥርሱንም ትሰብራለች። ቀጥሎ የረጅሙን ክንፍ ታችኛውን ጫፍ ብቻ አርጥበሽ ቴምብሩን ቦታው ላይ አስቀምጪ፣ በመምጠጫ ወረቀት ጫን በይው።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘላት ነገር አለች። ወዲያው በወረንጦ የቴምብሩን ታች ቀና አድርገሽ እይ። ከሂንጇ ያመለጠ ሙጫ ካለ ሳይደርቅ ታገኚዋለሽ። ገጹን ሳትዘጊም ትንሽ ይናፈስ። ሰፋፊ ቴምብሮች በአንድ ሂንጅ ስለሚዞሩ ሁለት አድርጊላቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከአያቴ የወረስኩት አልበም አለ። ቴምብሮቹ በወፍራም አሮጌ ሂንጅ የተለጠፉ ናቸው። ልላጣቸው እንዴ?

መልስ፦ ልጄ፣ እጅሽን ሰብስቢ! ጥሩ ሂንጅ በደንብ ከደረቀ በኋላ በቀላሉ ይላቀቃል፤ የተሠራውም ለዚሁ ነው። አሮጌዎቹ ግን ሙጫቸው ኃይለኛ ነው። ስትስቢ የቴምብሩን ጀርባ ገፍፈው ይመጣሉ። ከፊት ምንም አይታይም፤ ወደ ብርሃን ስትይዢው ግን የሳሳው ቦታ ቦግ ብሎ ይወጣል። ያ ጉዳት አይጠገንም።

ማኅተም የተመታበት ከሆነ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ይቀመጥ፤ ሂንጇ ራሷ ትለቃለች። ከዚያ በፊት ቀለሙ ውሃ የሚችል መሆኑን አረጋግጪ። ውሃ ሲነካቸው ቀለማቸው የሚለቅ ቴምብሮች አሉ፤ አንዳንዶቹ ሆን ተብሎ፣ ማኅተሙ ታጥቦ ቴምብሩ ድጋሚ እንዳይለጠፍ፣ እንደዚያ የታተሙ ናቸው። ያልተመታና ሙጫ ያለው ከሆነ ግን ውሃ አይንካው። ገጹን እስከነሂንጁ ቆርጠሽ ብታስቀምጪው ይሻላል። ጀርባው ላይ የሂንጅ ቅሪት መኖሩ በሽታ አይደለም፤ ተይው።

አልበሙን ከመበታተንሽ በፊት ደግሞ እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንሺ። አያትሽ ያደራጁበት መንገድ፣ በእጃቸው የጻፉት ማስታወሻ ካለም፣ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው።

ጥያቄ፦ ኪስ ልገዛ ነው። ጥቁር ይሻላል ወይስ ግልጽ? ቁመቱንስ እንዴት ልምረጥ?

መልስ፦ ጥቁሩ የቴምብሩን ነጭ ዳርና ጥርሶቹን አጉልቶ ያሳያል። እኔ ለአብዛኛው ቴምብር እሱን ነው የምመርጠው። ገጹ ላይ የታተመ ሥዕል ወይም ጽሑፍ ካለና እንዲታይ ከፈለጉ ግልጹን ይውሰዱ።

ቁመቱን ሲመርጡ ከቴምብሩ ሁለት ሚሊሜትር ገደማ ይለፍ። ጎኑ ደግሞ በግራም በቀኝም አንድ አንድ ሚሊሜትር ትርፍ ይኑረው። ልክክ ያለ ኪስ ያምራል፤ ግን ሲያስገቡ ጥርስ ያጥፋል። ረጃጅሙን ቁራጭ በመቀስ አይቁረጡ፣ ይወላገዳል። ትንሽ የወረቀት መቁረጫ ቢኖርዎት ሥራዎ ቀጥ ይላል።

ሁለት ዓይነት አሠራር አለ። አንዱ ከታች የተዘጋ፣ ከሌላው ወገን የሚከፈት ነው። ሌላው ጀርባው መሃል ላይ የተሰነጠቀ ነው። ሁለተኛው ቴምብሩን በደንብ ይይዛል፣ እንዲሁ ተንሸራቶ አይወጣም። ግን ጀርባውን ሲያረጥቡ ውሃው በስንጥቁ ይገባል። ሙጫ ያለው ቴምብር ውስጥ ካለ እዚያው ተጣብቆ ይቀራል፤ ሊጠብቁት የገዙት ኪስ ራሱ ጠላት ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ላይኛውን ጠርዝ ብቻ በቀጭኑ ያርጥቡ። በተቻለ መጠንም ኪሱ ገጹ ላይ ደርቆ ካለቀ በኋላ ቴምብሩን ያስገቡ።

ጥያቄ፦ ፕላስቲኩ ራሱ ቴምብር ያበላሻል ይባላል። ጥሩውን ከመጥፎው በምን ልለይ?

መልስ፦ እውነት ነው፤ በዚህ ጉዳይ የሚጎዳው ሰው ብዛት ያሳዝነኛል። ዋናው ጠላት ፒቪሲ የሚባለው የፕላስቲክ ዓይነት ነው። ፒቪሲ በተፈጥሮው ደረቅ ስለሆነ እንዲለሰልስ የሚጨመርበት ኬሚካል አለ። ያ ኬሚካል ከጊዜ ጋር ከፕላስቲኩ እየወጣ ወደ ቴምብሩ ይሄዳል። ቀለሙን ያነሳል፣ ወረቀቱን ቅባት የነካው ያስመስለዋል። ሙቀት ሲጨመርበት ይብሳል።

አፍንጫህ እዚህ ይረዳሃል። አዲስ የላስቲክ መጋረጃ ሲከፈት የሚሸተውን ሽታ የሚሸት፣ ሲዳስሱት ለስለስ ብሎ የሚያጣብቅ ከሆነ አትግዛው። ፖሊስተር፣ ፖሊፕሮፒሊን ወይም ፖሊስታይሪን ተብሎ በግልጽ የተጻፈበትን ፈልግ። “ለረጅም ጊዜ የሚሆን” የሚል ጽሑፍ ብቻውን አይበቃም፤ ከምን እንደተሠራ ይንገሩህ። ለገጹም እንደዚሁ፣ አሲድ የሌለበት ወረቀት መሆኑን ጠይቅ። አሲድ ያለበት ወረቀት ራሱ ቢጫ ይሆንና ቴምብሩንም ያወይበዋል።

ከዚህ ጋር ተያይዞ ሦስት ሰዎች ስለ ፎቶ አልበም ጠይቀውኛል፤ ያ ገጹ የሚያጣብቅ፣ ከላይ ላስቲክ የሚሸፍነው። በፍጹም! ስኮችም በፍጹም። ስኮቹ ከዓመታት በኋላ ይደርቅና ይወድቃል፤ ሙጫው ግን ቡናማ ሆኖ ወረቀቱ ውስጥ ሰርጎ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ማጣበቁ ሁሉ ከሚቀር ሁሉንም ስቶክቡክ ውስጥ ባደርግስ?

መልስ፦ ይቻላል፣ ብዙ ሰውም እንደዚያ ያደርጋል። ስቶክቡክ ቴምብር የሚሰካባቸው አግድም ሽንጥሮች ያሉት መጽሐፍ ነው። እንደፈለጉ ማዘዋወር ይቻላል፤ ለድርብ ቴምብሮችና ገና ላልተለዩት የሚያህለው የለም። ለእኔ የሚጎድለው ነገር ቢኖር ከቴምብሩ ጎን የምትጽፉበት ቦታ ነው። ማስታወሻ የሌለው ስብስብ ይደብተኛል።

ካደረጋችሁት ደግሞ አታጨናንቁት፣ ቴምብር በቴምብር ላይም አትደርቡ። መጽሐፉን እንደ ማንኛውም መጽሐፍ አቁሙት። አስተኝታችሁ ሌላ ከጫናችሁበት፣ በተለይ አየሩ እርጥበት ካለው፣ ሙጫው ከገጹ ጋር ይያያዛል።

ጥያቄ፦ ራሱ የሚለጠፈውን፣ እንደ ስቲከር ያለውንስ?

መልስ፦ ያልተመታውን ከመደገፊያ ወረቀቱ አትላጠው፤ እስከነወረቀቱ ኪስ ውስጥ ይግባ። የተመታውን ደግሞ ውሃ ውስጥ ከመክተትህ በፊት አስብ። ብዙዎቹ የዛሬ ዘመን ስቲከሮች በውሃ አይላቀቁም። ፖስታውን በዙሪያው ትንሽ አስተርፈህ ቆርጠህ እንዳለ ያዘው። ትንሽ ወፈር ይላል እንጂ ምንም አይሆንም።

ጥያቄ፦ አሮጌ ፖስታዎች ላይ ያሉትን ቴምብሮች እየነቀልኩ ልለጥፍ አስቤ ነበር።

መልስ፦ እባክዎ ይተዉት። ማኅተሙ፣ ቀኑ፣ ደብዳቤው ያለፈበት መንገድ ሁሉ ፖስታው ላይ ነው ያለው። አንዳንዴ ቴምብሩ ብቻውን ምንም አያወጣም፣ ፖስታው ግን ይፈለጋል። ሙሉውን ፖስታ በማዕዘን መያዣ ይያዙ፤ ሙጫው መያዣው ላይ ነው፣ ፖስታውን አይነካም።

ጥያቄ፦ ሙጫውን ሆን ብለው ያጠቡ ሰብሳቢዎች አሉ ሲባል ሰማሁ። ይሄ ከተናገርከው ጋር አይጋጭም?

መልስ፦ አሉ፤ ልክም ናቸው። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1935 በኮኒግስበርግ ከተማ ለተደረገ የቴምብር ዐውደ ርእይ ኦስትሮፓ የሚባል አነስተኛ ሉህ አሳትማ ነበር። ሙጫው ውስጥ ሰልፈሪክ አሲድ ነበረበት። አሲዱ ወረቀቱን ቀስ በቀስ ይበላዋል፤ ሉሁ ይቦረቦራል፣ ይሰባበራል። ስለዚህ ብዙዎች ሙጫውን አጥበው ሉሁን አተረፉት። ሙጫ የምንጠብቀው ቴምብሩ እንዲኖር ነው፤ ሙጫው ቴምብሩን እየገደለው ከሆነ ይታጠባል። ይሄን አይታችሁ ግን ሌላውን ሁሉ ማጠብ እንዳትጀምሩ።

ጥያቄ፦ የስምንት ዓመት ልጄ መሰብሰብ ጀምሯል። ኪስ ልግዛለት?

መልስ፦ አይ፣ ገና ነው። የተመታ ቴምብር፣ አንድ ፓኬት ሂንጅና ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ የቴምብር ወረንጦ ይበቃዋል። የመዋቢያው ወረንጦ ጫፉ ሹል ወይም ጥርስ ያለው ስለሆነ ወረቀት ይወጋል። በጣት አለመንካትን ከአሁኑ ይልመድ። በተረፈ እንደፈለገ ይደርድር፤ በአገር ሳይሆን በእንስሳ ወይም በቀለም ቢያደርገው አትከልክዪው።

ጥያቄ፦ አራት አልበም ሙሉ ቴምብር አለኝ። ለሁሉም ኪስ መግዛት አልችልም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ለሁሉም አያስፈልግዎትም። መጀመሪያ የሚያጣብቅ ገጽ ወይም ፒቪሲ ውስጥ ያለ ነገር ካለ እሱን ያውጡ፤ እዚያ ያለው በየቀኑ እየተጎዳ ነው። ግላሲን ከሚባለው ስስና ለስላሳ ወረቀት የተሠራ ከረጢት ርካሽ ነው፣ ቴምብሮቹ ለጊዜው እሱ ውስጥ ይቆዩ። ሲያወጡ እምቢ ያለውን በግድ አይሳቡ፣ ለብቻው ያስቀምጡት። ቀጥሎ ያልተመቱትንና ሙጫቸው ንጹሕ የሆኑትን ይለዩ። ኪስ የሚገዙት ለእነዚህ ነው፤ እነሱም ሁሉም ባይሆን ዋጋ ላላቸውና ለሚወዷቸው። ሂንጅ ቀድሞ የነካቸውን መልሰው በሂንጅ ቢይዙ አዲስ ጉዳት የለም፤ የድሮዋ ቦታ ላይ ያሳርፏት። የተመቱት በሂንጅ ይቀመጡ፣ ድርቦቹ ስቶክቡክ ይግቡ። እንዲህ ከለዩ በኋላ ኪስ የሚያስፈልገው ምን ያህል እንደሆነ ቆጥረው፣ ቁመታቸውን ለክተው ይግዙ። ሳይለኩ የተደባለቀ ፓኬት አይግዙ፤ ግማሹ ልክ አይሆንልዎትም።